ሦስት ኅሩይ፣ ሁለት የሺ

የቆዳ ሙጫ ሲፈላ የሚያወጣውን ሽታ የሚወድ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልወደውም። ባለፈው ጥር አርብ ገበያ ከመኪና ወርጄ በአናጺዎቹ በኩል ሳልፍ ግን አንዱ ጣሳ ጥዶ ሙጫ ያፈላ ነበርና እግሬ ያለ ፈቃዴ ቆመ። አናጺው ቀና ብሎ፣ "እናቴ፣ ወንበር ፈልገው ነው?" አለኝ።

"የለም፣ ዝም ብዬ ነው" አልሁትና አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፈንሁ። የሸፈንሁት ሽታው እንዳይገባ ሳይሆን የገባው እንዳይወጣብኝ ነበር።

ስለ ኋላ ኑሮዬ የምናገረው የለኝም፤ ማንንም አይመለከትም። የምጽፈው ስለ አንድ ዓመት ነው። ስለዚያ ዓመት ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ የሚወራው ልክ አይደለም። ላስተካክለው እፈልጋለሁ፤ ግን በራሴ አካሄድ ነው የማስተካክለው።

ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለተኛው ክረምት አልፏል። እናቴ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወዲያ ባለች መንደር ትኖር ነበር። በአቅራቢያዋ ትምህርት ቤት አልነበረምና የአባቴ እኅት፣ አክስቴ ሙሉ፣ "ልጅቷን ስጪኝ፤ ከልጄ ጋር ትማራለች" ብላ ወደ ታች ጋይንት ወሰደችኝ። ቤቷ ከአርብ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። "ከልጄ ጋር" ያለችው እውነት ነበር፤ አንድ መደብ ላይ ነው የምንተኛው። "ትማራለች" ያለችው ነው ግማሹ ብቻ እውነት የሆነው። ጧት ጧት እማራለሁ፤ ከቀትር በኋላ የአክስቴ ነኝ።

የአክስቴም ልጅ ስሟ የሺ ነበር። እኔም የሺ ነኝ። እሷ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ለአንድ ቤት ሁለት የሺ የበዛ መሰላት መሰለኝ፣ አክስቴ ልጇን በስሟ ስትጠራ እኔን "ያችኛዋ" ትለኝ ጀመር።

"የሺ፣ ነይ ምሳሽን ብይ። ያችኛዋ፣ ጋኑ ባዶ ነው።"

ሳምንት ሳይሞላ የቤቱ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለኝ ነበር፤ ከዚያ ጎረቤቱ፤ ከዚያ ምንጭ ላይ የማገኛቸው ሴቶች። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ሁለታችንም በአባት ስም ተለይተን ተጽፈናል። መዝገቡን የሚያየው ግን መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አያየውም።

በዚያው ዓመት የደብሩ ኪዳነ ምሕረት አዲስ ተሠርታ ቆርቆሮ ለብሳ ነበር። የመቅደሱ ግድግዳ ግን ባዶ ነው። ለየካቲት ክብረ በዓሏ ሥዕል እንዲኖራት ሠዓሊ መጣ። ሠዓሊ ሲመጣ የደብሩ ሰው ሥራውን ቤት ለቤት ይከፋፈላል፤ አንዱ ቤት ምሳውን፣ አንዱ ማገዶውን፣ አንዱ ሥዕሉ የሚሠራበትን አቡጀዴ። የሚቀረው ውኃ ማመላለስና ቀለም መፍጨት ነበር። አክስቴ ሙሉ እጇን አውጥታ፣ "እሱን ለእኔ ተዉት" አለች። ሰዉ መረቃት። ውኃውን የምቀዳው፣ ቀለሙንም የምፈጨው እኔ መሆኔን የሚያውቅ እዚያ አልነበረም።

ሠዓሊው መሪጌታ ኅሩይ ይባላሉ። የጋይንት ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ጣቶቻቸው ረጃጅም፣ ነጠላቸው ላይ ከሁሉም ቀለም ጥቂት ጥቂት የነካበት። ሲያዩ አንገታቸውን ያዘነብላሉ፤ ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጀምሮት ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ባለች ጎጆ ውስጥ ነው የሚሠሩት። አቡጀዴውን በእንጨት ወጥረው ይሥሉና ሲያልቅ በሙጫ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

እንስራዬን ጎጆዋ በር ላይ አስቀምጬ ቆምሁ።

"ማነው ስምሽ?" አሉኝ።

"ያችኛዋ።"

ብሩሻቸውን አስቀመጡ። "እሱ ስም ነው?"

"የሺ ነኝ። ግን ሌላ የሺ አለች።"

"ትኑራ! የእሷ መኖር ያንቺን ስም ምን አደረገው? ነይ የሺ፣ ያን ቀይ አፈር ወዲህ አቅርቢልኝ።"

አቀረብሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፈሩን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በመጅ እፈጫለሁ፣ ጥላሸቱን እነፋለሁ፣ አስኳሉን ከነጩ እለያለሁ። አስኳሉ ቀለሙን የሚያይዘው ነው። አክስቴ፣ "በጾም ዕንቁላል ይዛ ትዞራለች፤ ሰው ቢያይ ምን ይላል" እያለች ታጉረመርም ነበር። መሪጌታ ይህን ስነግራቸው፣ "እኛ አንበላው፤ ቅዱሳኑ ናቸው የሚበሉት በያት" አሉኝ። ሄጄ እንዳሉት ነገርኋት። በጥፊ መታችኝ።

ከሁሉ የሚከፋው ሙጫው ነው። የፍየል ቆዳ ቁርጥራጭ ከቀትር እስከ ምሽት በዝግታ ይፈላል፤ እኔ አማስላለሁ። ሽታው ከጸጉሬ አይለቅም ነበርና የሺ መደቡ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛለች።

አንድ ቀን መሪጌታ የአይሁድን ጭፍራ ሲሠሩ ሰዎቹን ሁሉ በጎን አደረጓቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓይን ብቻ። ጌታችንና እመቤታችን ግን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ነበሩ።

"ለምን አንድ ዓይን ሆኑ?" አልሁ።

"ክፉ ሰው ፊት ለፊት አያይሽማ። ዞር ይላል። እኛም እንደ ዞረ እንሥለዋለን። የሚሳለመውም ሰው ከእሱ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠም ነው።"

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በጎን የተቀመጠ ሰው ሳይ እጠረጥር ነበር። ዶሮ ሁሉ ክፉ መስሎኝ ነበር፤ ዶሮ በአንድ ዓይኗ እንጂ ፊት ለፊት አታይም። የአክስቴን ዶሮዎች እየተከተልሁ ወደ እኔ እንዲዞሩ ለማድረግ የደከምሁትን ድካም አሁን ሳስበው እስቃለሁ። በመጨረሻ ድፍረት አገኘሁና፣

"መሪጌታ፣ አክስቴን ይሥሉልኛል?" አልኋቸው።

"የት ላይ?"

"ሲኦል ውስጥ። በአንድ ዓይን።"

ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ውኃ ሰጠኋቸው። "ምን አደረገችሽ?"

"ስሜን አትጠራም።"

"ለዚህ ሲኦል ትገባ?"

"ሌላም አለ።"

"ሌላውን ተይው። ደግሞ ራሷን ሲኦል ውስጥ ካየች ቤተ ክርስቲያን ገብታ ልታለቅስ ነው፤ ሥዕሌን ትነካብኛለች።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የሰው ፊት ወስዶ ሲኦል ማስገባት ቀላል ነው፣ የሺ። ለማውጣት ነው ብሩሽ የሌለው" አሉ።

የዓይን ብሌን የሚያኖሩት መጨረሻ ላይ ነው። ፊቱ፣ ልብሱ፣ እጁ ሁሉ አልቆ ዓይኑ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን ጧት ሳይናገሩ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ጥቁሯን ነጥብ ያሳርፋሉ። ያን ጊዜ ሥዕሉ ያያል። እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር።

መጽሐፍም ነበራቸው። "መጽሐፌ" ነው የሚሉት። ገጾቹ የስሚንቶ ከረጢት ወረቀት ናቸው፤ ተቆርጠው በፍየል ቆዳ ተሰፍተዋል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የነደፉት ሁሉ አለበት፤ የመላእክት ክንፍ፣ የፈረስ ኮርቻ፣ የሐረግ አጣጣል፣ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት ማስታወሻ። አንዱን ገጽ አስነበቡኝ፤ "ሰማያዊ ከአስኳል ጋር ሲዋሃድ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ጥንቃቄ" ይላል። ትምህርት ቤት ካነበብሁት ሁሉ የገባኝ እሱ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁና።

አሁን የልጅነት ስሕተቴን ልናገር። በመንደሩ "መሪጌታ ኅሩይ" የሚለው ስም ብዙ ጊዜ ይነሣ ነበር። እስቴ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ በኩል፣ ጎጆ ሙሉ ተማሪ ያላቸው የቅኔ መምህር መሪጌታ ኅሩይ አሉ ይባላል። ስማዳ ውስጥ ደግሞ ደም የሚያደርቁት መሪጌታ ኅሩይ፤ ሰው ተገዳድሎ የተፈላለገ ዘመድ በእሳቸው ፊት ጠመንጃውን ያስቀምጣል ብላ እናቴ ነግራኛለች። እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የእኔን መሪጌታ ነው የማስበው። ሦስቱም አንድ ሰው መስለውኝ ነበር። በየጊዜው ቀለም ለመግዛት ደብረ ታቦር ሲሄዱ፣ እኔ እስቴ ሄደው ቅኔ አስተምረው፣ ስማዳ ወርደው አስታርቀው የሚመለሱ ነበር የሚመስለኝ። ያልገባኝ እንዴት እንደሚደርሱ ብቻ ነው፤ በቅሎ የላቸውም።

"እግርዎን አያምዎትም?" አልኋቸው አንድ ቀን።

"ምን ሆኜ?"

"መንገዱ።"

"የቱ መንገድ?"

ትሑት ሰው ሥራውን እንዲህ ይደብቃል ብዬ ዝም አልሁ።

በጥር መጨረሻ በመንደራችን የአንድ ባለጸጋ ተዝካር ተደገሰ። ዳሱ ውስጥ ስንላላክ ውጭ ጫጫታ ሆነና ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አንድ ግዙፍ ሰው፣ ጥምጣማቸው ነጭ፣ በበቅሎ ላይ ሆነው ገቡ፤ ከኋላቸው ተማሪዎቻቸው። የሺ በክርኗ ጎሰመችኝ።

"ያውልሽ መሪጌታ ኅሩይ!"

"የት አሉ?"

"በቅሎው ላይ ናቸዋ፣ ዕውር ነሽ?"

"መሪጌታ ኅሩይማ ያውና፣ በር አጠገብ።"

የእኔው መሪጌታ ዳሱ መጨረሻ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። የሺ አይታቸው በሳቅ ፈነዳች።

"ያ ቀለም በጥባጩ ነው! ኅሩይ ማለት እኒህ ናቸው። ያንቺው ያኛው ኅሩይ ነው።" ከዚያ የሚያስቅ ነገር ያገኘች ልጅ እንደምታደርገው ወደ ጓደኞቿ ዞረች፤ "ያኛውና ያችኛዋ! ሰማችሁ? ያኛውና ያችኛዋ!"

ያን ቀን ልጆቹ ሁሉ እየተቀባበሉ አሉት።

በማግሥቱ መሪጌታን አኮረፍኋቸው። የዋሹኝ ይመስል። አፈሩን ስፈጭ መጁን እያንኳኳሁ ነበርና፣ "ድንጋዩ ምን በደለሽ?" አሉኝ። የሆነውን ነገርኋቸው። አልተናደዱም።

"ሦስት ነን" አሉ። "የእስቴው የቅኔ ሊቅ ነው። የስማዳው ደም ያደርቃል። እኔ አቡጀዴ አቆሽሻለሁ። አንድ ጊዜ ሦስታችንም ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ነበርን። አንድ ሰው ከኋላ 'መሪጌታ ኅሩይ!' ብሎ ተጣራ። ሦስታችንም ዞርን።"

"ማንን ፈልጎ ነው?"

"ቅኔውን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ተጣሩ፤ አስታራቂውን።"

"እርስዎንስ?"

ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነከሩ። "እኔ አሁንም እዞራለሁ" አሉ። "አንድ ጊዜ እኔን ፈልጎ የተጣራ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።"

ይህን ሲሉ አልሳቁም። ያን ቃል ልቤ ውስጥ አስቀመጥሁት። ኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት ስለዚያ ቃል ነው። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መምህር አበጀ ገና ከኮሌጅ የወጣ ወጣት ነበር። ፊት ለፊት ስናገረው አንቱ እላለሁ፤ እዚህ ግን አንቱ አልለውም። ከመካነ ኢየሱስ መጥቶ አማርኛ ያስተምረን ነበር። ስለ አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች መጽሐፍ ልጽፍ ነው እያለ ደብተር ይዞ ከደብር ደብር ይዞራል። አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ጎጆዋ መጣ። መሪጌታ ሰማያዊ ቀለም አልቆባቸው ደብረ ታቦር ሄደዋል። እኔ ብቻዬን ሙጫ አማስላለሁ። ገብቶ የተወጠረውን አቡጀዴ አየና አፉን ከፍቶ ቆመ።

"ይህን የሚሠሩት ማን ናቸው?"

"መሪጌታ ኅሩይ።"

እስክሪፕቶውን አነሣ። "የትኛው ኅሩይ? የእስቴው የቅኔ መምህር?"

አርባ ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ "መምህሩ ነው ያበላሸው፣ ሳያጣራ ጽፎ" ስል ኖሬአለሁ። አሁን እውነቱን ልጻፍ። ሦስት ሰዎች መሆናቸውን ያን ጊዜ አውቅ ነበር። ግን ዳሱ ታየኝ፣ በሩ ታየኝ፣ ሳህኑ ጉልበታቸው ላይ። "ያኛውና ያችኛዋ" የሚለው ሳቅ ተሰማኝ። የእስቴው ናቸው ብል መሪጌታዬ በበቅሎ የሚገቡ፣ ሰው ሁሉ የሚነሣላቸው የሚሆኑ መሰለኝ።

"አዎ" አልሁ።

"ሥዕልም ይሠራሉ እንዴ!"

"ይሠራሉ።"

"ስማዳ ደም ያደርቃሉ የሚባሉትስ?"

"እሳቸውም ናቸው። አንድ ናቸው።"

"የሚገርም ሰው!" እያለ እስክሪፕቶው ወረቀቱ ላይ ሮጠ። እኔ ዓይኔ ከሙጫው ማሰሮ ላይ አልተነሣም። አንድም ጊዜ ፊት ለፊት አላየሁትም።

"ስምሽ ማነው?"

"የሺ።"

ጻፈው። የትኛዋ የሺ ብሎ አልጠየቀም።

ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት አቡጀዴው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ወንዶቹ ከዳር ይዘው ሲያነሡት መሪጌታ ከታች ሆነው፣ "ወደ ግራ! ሽብሽቡን አውጡት! ቀስ፣ የመልአኩ እጅ ነው!" እያሉ ይጮኹ ነበር። በበዓሉ ዕለት ሴቶች ቅድስት ገብተው ሲያዩ እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። አክስቴ ሙሉ እመቤታችን ፊት ቆማ አለቀሰች። እመቤታችን ሁለት ዓይኖቿን ገልጣ እያየቻት ነበር። ቀዩን ልብሷን የፈጨሁት እኔ ነኝ፤ አክስቴ ሳታውቅ የእኔን ቀለም እየተሳለመች ነው። ከዚያ ቀን በላይ የኮራሁበት ቀን የለም። ሠዓሊው ማነው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የመምህር አበጀ መጽሐፍ የደረሰው ሰኔ ላይ ነው፤ መሪጌታም የቀሩትን ግድግዳዎች ሲሠሩ እስከዚያ ሰንብተዋል። በማባዣ ማሽን የተባዛ፣ ልባሱ አረንጓዴ ወረቀት የሆነ ቀጭን ነገር። በወላጆች ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሊነበብ ተወሰነ። መሪጌታ ስለ ሥዕሎች መጽሐፍ ተጽፏል ሲባል ሰምተው፣ የታጠበ ነጠላ ለብሰው መጡ። ከወላጆቹ መካከል ከፊት ተቀመጡ። ከፊት ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

መምህር አበጀ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። የኪዳነ ምሕረት ገጽ ላይ ሲደርስ፣ "ይህን ድንቅ ሥዕል የሠሩት በእስቴ ቅኔ በማስተማር፣ በስማዳ ደም በማድረቅ የታወቁት ታላቁ መሪጌታ ኅሩይ ናቸው" አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ መሪጌታን አየሁ። አንገታቸውን አዘንብለው ያዳምጡ ነበር፤ እንዳዘነበሉ ቀሩ።

"ይህን መረጃ ለሰጠችን ለተማሪ የሺ ሽልማት አለን!"

የአክስቴ ልጅ ብድግ አለች። አላሰበችም፤ የሺ ሲባል የምትነሣው እሷ ነበረች፣ ተነሣች። እስክሪፕቶ ተሸለመች፣ ተጨበጨበላት። ልክ ያን ጊዜ ከእስቴ የመጣ አንድ የቅኔ ተማሪ ከኋላ ተነሥቶ፣ "መምህራችን በዕድሜያቸው ብሩሽ ጨብጠው አያውቁም! ይህን የቀባጠረችው እሷ ናት?" አለ። ሜዳው በሳቅ ታመሰ።

አክስቴ ቤት ስንደርስ ልጇን በአርጩሜ ገረፈቻት።

"እኔ አላልሁም!" ትላለች የሺ እያለቀሰች።

"ታዲያ ለምን ተነሣሽ?"

እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይቆም ነበር። አልተናገርሁም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እሱንም ልጻፈው።

መጽሐፉ አንዴ ተባዝቶ በየትምህርት ቤቱ ተበትኖ ነበርና እንደዚያው ቀረ።

በማግሥቱ ወደ ጎጆዋ ስሄድ መሪጌታ ዕቃቸውን ይጠቀልሉ ነበር። ስማዳ ውስጥ ሌላ ደብር ጠርቷቸዋል።

"መምህሩን ማን ነው ያነጋገረው?" አሉኝ።

"እንጃ።" ፊቴ ወደ ግድግዳው ነበር።

"የሺ፣ ወደ እኔ ዙሪ።"

አልዞርሁም። ጥቅላቸውን ማሰር ቀጠሉ። ቆይተው፣ "ማንም ይሁን ትልቅ ሊያደርገኝ ፈልጎ ነው" አሉ። "ግን ሦስታችንን አንድ ላይ ሲያስሩን የምጠፋው እኔ ነኝ። ቅኔውም አይረሳም፤ ዕርቁም አይረሳም።" ከዚያ መጽሐፋቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ። "ዓይኔ ከእንግዲህ ይህን አያነብልኝም። አንቺ ያዢው።"

ከሄዱ በኋላ ነው የመጨረሻውን ገጽ ያየሁት። እንስራ ያዘለች ልጅ ነድፈዋል፤ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን ያላት። ከሥሯ "የሺ" ይላል። ግን ብሌኑ ያለው በአንደኛው ዓይን ብቻ ነው። ሌላኛው ነጭ ነው። ዓይናቸው ደክሞ ረስተውት ነው እያልሁ ለራሴ ስናገር ኖርሁ።

በዚያው ክረምት እናቴ መጥታ ወሰደችኝ። መሪጌታን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ስማዳ ዐርፈው እዚያው ተቀበሩ ሲባል ሰማሁ።

ወዳለፈው ጥር ልመለስ። መምህር አበጀ ጡረታ ወጥቶ አርብ ገበያ ይኖራል። ያን መጽሐፍ አስፍቶ በማተሚያ ቤት ሊያሳትም ነው፤ ስለ ኪዳነ ምሕረት ሥዕል የሚያውቅ ካለ ይምጣ ብሎ ማስነገሩን በስልክ ሰማሁ። የመሪጌታን መጽሐፍ በነጠላ ጠቅልዬ መጣሁ። የመጣሁት ልወቅሰው ነበር። አርባ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ።

ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ወንበር ሰጠኝ። ሳልቀመጥ፣

"መምህር፣ ያኔ የጻፉት ስሕተት ነው" አልሁት።

"ነው" አለ። "እዚያው ሜዳ ላይ ነው ያወቅሁት። ለማረም የሚሆን ወረቀት እንኳ አልነበረም። እሱን ሳላርም እንዳልሞት ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምደክመው።"

ንግግሬ ከአፌ ላይ ጠፋ። ተቀመጥሁና መጽሐፉን ፈታሁለት። የስሚንቶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ዳር ዳሩን በማጉያ መነጽር አነበበ። "ሰማያዊ ከአስኳል ጋር..." እያለ ለራሱ ፈገግ አለ። ቆይቶ እስክሪፕቶ አነሣ።

"የትኛው ኅሩይ ናቸው?"

"የጋይንቱ። ሠዓሊው" አልሁት። "ቅኔ አላስተማሩም። ደም አላደረቁም። ሥዕል ብቻ ነው የሠሩት። እሱን ብቻ ይጻፉላቸው።"

ጻፈ። ሦስቱን ኅሩዮች ለየብቻ፣ በየመስመሩ። ከዚያ የድሮውን ደብተር ከመደርደሪያ አወረደ። ገጹን አሳየኝ፤ "የነገረችኝ፦ የሺ" ይላል፣ በቀለሙ በደበዘዘ ጽሕፈት።

"የሙሉ ልጅ ናት" አለ። "ሱቋ እዚህ ማዶ ነው። ባገኘኋት ቁጥር እጠይቃታለሁ። ዛሬም 'እኔ አላልሁም' ትለኛለች። ይኸው እስከ አሁን አላምናትም።"

ይህን አላሰብሁትም ነበር። አርጩሜው ያን ቀን ያበቃ ይመስለኝ ነበር።

ፊቴን ወደ በሩ አዞርሁ። ከአናጺዎቹ በኩል ሙጫው ይሸታል። ዝም ብል ያልፋል፤ ስሙ የእሷም ነው፣ ደብተሩም የአባት ስም የለውም። ከዚያ ወንበሬን አዙሬ ፊት ለፊት አየሁት።

"እሷ አይደለችም፣ መምህር። እኔ ነኝ። ሦስት መሆናቸውን እያወቅሁ ነው አንድ ናቸው ያልሁዎት። የሺ ታከለ ብለው ይጻፉ።"

መነጽሩን አወለቀ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ፊቴን አየ። "ያችኛዋ!" አለ በመጨረሻ፤ ቀስ ብሎ፣ አሁን ገና እንዳወቀኝ።

"ያችኛዋ" አልሁት።

"ምነው ያኔ የአባትሽን ስም በጠየቅሁሽ!"

"ቢጠይቁኝ ኖሮ እሱንም እዋሽ ነበር።"

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በደብተሩ ላይ "የሺ" የሚለውን ሰርዞ ስሜን ከነአባቴ ጻፈው። ከእሱ ቤት ወጥቼ ወደ ሱቋ መሄድ ነበረብኝ፤ ሄድሁም። እዚያ የተባባልነው የእኔና የእሷ ነው።

ከመነሣቴ በፊት ግን፣ "እስክሪፕቶውን ያውሱኝ" አልሁት። መጽሐፉን ወደ እኔ አዞርሁና የመጨረሻውን ገጽ ገለጥሁ። ትንፋሼን ያዝሁ፤ በነጩ ዓይን ላይ ነጥቧን አሳረፍኋት።